ላለማሰብ ስንታገል

የተጨነቀ ሰው ፊታችን ሲቀመጥ ቶሎ ከአፋችን የሚወጣው ምክር «ተይው፣ አታስቢው» የሚል ነው። ከሥራ ለተባረረውም፣ ትዳሩ ለፈረሰበትም፣ የምርመራ ውጤት ለሚጠብቀውም፣ ሌሊት እንቅልፍ ለነሣውም ያንኑ እንላለን። ቃሉ ከፍቅርና ከአዘኔታ እንደሚወጣ አልጠራጠርም፤ ሰሚውም ብዙ ጊዜ አመስግኖ ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ምክሩን ለመፈጸም የሞከረ ሰው በውስጡ ምን እንደሚገጥመው እምብዛም አንነጋገርበትም። ሐሳቡን ለማባረር በታገለ ቁጥር ሐሳቡ ይመላለስበታል፤ ከዚያም በመጀመሪያው ጭንቀት ላይ «አእምሮዬን መግዛት አቃተኝ» የሚል ሁለተኛ ጭንቀት ይደረብበታል። ይህ መመላለስ የሰው ልጅ አእምሮ ከተሠራበት ጠባይ የሚመነጭ ስለ መሆኑ ዛሬ በቂ ማስረጃ አለ። ሰው አፍ አውጥቶ ሊናገረው የሚያፍርበት ሐሳብ ሲመጣበት ደግሞ ይህን አለማወቁ የሚያስከፍለው ዋጋ እጅግ ከባድ ነው፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ጉዳዩን ወደ ቤተ ሙከራ አስገብቶ ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር ነው (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻ የሆነው ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በ1863 በታተመው የምዕራብ አውሮፓ የጉዞ ማስታወሻው ውስጥ ጣል ያደረገው አንድ አስተያየት ነበር፤ ስለ ነጭ ድብ አላስብም ብሎ የወሰነ ሰው ያ ድብ በየደቂቃው ትዝ እንደሚለው ጽፎ ነበር። ዌግነር በቴክሳስ ግዛት፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ በሚገኘው ትሪኒቲ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት ጊዜ ይህን አስተያየት በሙከራ ሊፈትነው ተነሣ፤ ውጤቱንም ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 አሳተመ።

የሙከራው አሠራር ቀላል ነበር። ተማሪዎች አንድ በአንድ ወደ ክፍል እየገቡ፣ ወደ አእምሯቸው የሚመጣውን ሁሉ ሳይመርጡ በድምፅ መቅጃ ፊት ጮክ ብለው እንዲናገሩ ተደረገ። ከዚያም ግማሾቹ ለአምስት ደቂቃ ያህል የመጣላቸውን መናገራቸውን እንዲቀጥሉ፣ ነገር ግን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡ ግን ፊታቸው የተቀመጠውን ደወል እንዲመቱ ተነገራቸው። ድቡ በአማካይ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ መጣባቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስደነቀኝ ነበር። ቁም ነገሩ ቀጥሎ የታየው ነው፦ እነዚሁ ተማሪዎች ቆይተው «አሁን ደግሞ ስለ ድቡ አስቡ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡት ከተነገራቸው ተማሪዎች ይልቅ ድቡ አብዝቶ መጣባቸው። ታግዶ የቆየው ሐሳብ፣ እገዳው ሲነሣ፣ ጨርሶ ካልታገደው በርትቶ ተመለሰ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ተማሪዎቹ ድቡን ለማራቅ ያገኙትን ሁሉ ይጠቀሙ ነበር፤ ስለ ግድግዳው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ምሳቸው ማሰብ ይጀምራሉ፣ ድቡ ሲመጣ ያንን ጥለው ሌላ ይይዛሉ። በዚህ አኳኋን የነኩት ነገር ሁሉ ከድቡ ጋር ይተሳሰራል፤ በኋላ ግድግዳውን ሲያዩ ድቡ ይታወሳቸዋል። ዌግነርና ባልደረቦቹ በ1991 ባሳተሙት ሌላ ሥራ ይህን ፈትነውታል፤ ሐሳቡን ሲታገሉ በነበሩበት ሁኔታ ውስጥ የቆዩት ሰዎች ሐሳቡ በርትቶ ሲመለስባቸው፣ ሁኔታው የተለወጠላቸው ግን ያን ያህል አልተመለሰባቸውም። ሐዘን ወይም ፍርሃት የገባበት ሰው «ቤቱ ራሱ ያስታውሰኛል» ሲል እንሰማለን። በዚያ ቤት ተቀምጦ ለመርሳት ሲታገል የነካው ዕቃ ሁሉ ለሐሳቡ ማስታወሻ ሆኖበት ከሆነ የሚናገረው እውነቱን ነው። በ1987ቱ ጥናት ውስጥ ግን ብዙ ሰው የማያነሣው ሁለተኛ ሙከራም ነበር። ተማሪዎቹ ድቡ በመጣ ቁጥር ያገኙትን ከመያዝ ይልቅ አንድ የተወሰነ ነገር፣ ይኸውም ቀይ ቮልስዋገን፣ እንዲያስቡ ሲነገራቸው የሐሳቡ መመለስ ረገብ ብሏል። ስለዚህ ሐሳብን በሌላ ነገር ማሳለፍ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለሉ መሸሽና አንድን ሥራ ይዞ በእርሱ ላይ መቆየት ይለያያሉ።

ዌግነር በ1994 ነገሩን የሚያብራራበትን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። እንደ እርሱ አገላለጽ አንድን ሐሳብ ለማራቅ ስንወስን በአእምሯችን ውስጥ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይጀምራሉ። አንደኛው ሌላ የምናስበውን ነገር ይፈልጋል፤ ይህ አውቀን፣ ጉልበት አውጥተን የምንሠራው ነው። ሁለተኛው ያ የተከለከለው ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ ሳያሰልስ ይፈትሻል፤ ይህ ሳይታወቀን የሚካሄድና ብዙ ጉልበት የማይፈልግ ነው። አንድን ሰው እንዳያስገባ የታዘዘ የግቢ ዘበኛ የዚያን ሰው መልክ ቀኑን ሙሉ በዓይነ ኅሊናው መያዝ አለበት፤ አለዚያ ቢመጣ አይለየውም። በአእምሯችንም ፈታሹ ሥራውን ለመሥራት የተከለከለውን ሐሳብ ይዞ መኖር ግድ ይለዋል። ሰው ጤነኛ፣ ያረፈና የጠገበ ሲሆን የመጀመሪያው ሥራ ያሸንፍና ነገሩ የተሳካ ይመስላል። ሲደክም፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሥራ ሲደራረብበት ግን የመጀመሪያው ይዝላል፣ ፈታሹ ብቻውን ሲተጋ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሐሳቡ ጭራሽ ካላገዱት ጊዜ ብሶ ይመጣል።

የዚህ ንድፈ ሐሳብ ጥንካሬ ከድቡ ውጭ ያሉ ብዙ ነገሮችን ማስረዳቱ ነው። በ1996 በታተመ ጥናት ሰዎች በአስቸኳይ እንዲተኙ ታዝዘው ጆሯቸው ላይ የሰልፍ ሙዚቃ ሲለቀቅባቸው፣ «ደስ ባላችሁ ጊዜ ተኙ» ከተባሉት ይልቅ እንቅልፍ አስቸግሯቸዋል። በ2004 ደግሞ ዌግነርና ባልደረቦቹ ሰዎች ሊተኙ ሲሉ ስለ አንድ ስለሚያውቁት ሰው ለአምስት ደቂቃ እንዳያስቡ ጠይቀዋቸው ነበር፤ ጠዋት ሕልማቸውን ሲጽፉ ያ ሰው በሕልማቸው አብዝቶ መጥቶ ተገኘ። ሲጋራ በሚያጨሱ ሰዎች ላይም ተሞክሯል፤ ለአንድ ሳምንት ስለ ማጨስ ላለማሰብ የታገሉት በዚያ ሳምንት ቀንሰው አጨሱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከሌሎቹ አብልጠው አጨሱ።

ድብ ግን ለማንም አሳፋሪ አይደለም። የነገሩ ክብደት የሚታየው ሐሳቡ ሰውየው ከሚወደውና ከሚያምንበት ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ሲሆን ነው። እንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ስታንሊ ራክማንና ፓድማል ዴ ሲልቫ በ1978 ባሳተሙት ጥናት ምንም የአእምሮ ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ሳይፈልጉት የሚመጣባቸውን ሐሳብ ጠየቁ። ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናገሩ፤ ይዘቱም ለሕክምና ከመጡ ሰዎች ሐሳብ ጋር በጣም የሚመሳሰል ነበር። ሌላ ሰውን መግፋት፣ ከፍ ካለ ቦታ መዝለል፣ በጸሎት ቦታ የሚያስነውር ቃል መናገር፣ የሚወዱትን ሰው መጉዳት፣ የማይገባ የፍትወት ምስል፤ ሁሉም በጤነኞቹ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። በ2014 ደግሞ በስድስት አህጉራት በሚገኙ 13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠይቀው፣ 94 በመቶ ያህሉ ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ያልተፈለገ ሐሳብ እንደመጣባቸው ተናግረዋል። ይህን ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ፣ በየቤቱ ብቻውን ተቀምጦ «በዓለም ላይ እንዲህ የሚያስብ እኔ ብቻ ነኝ» የሚለው ሰው ብዛት ነው።

የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ አንዷ ነበረች፤ ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሰሞን ነው። በእኛ ዘንድ አራስ ብቻዋን አትተውም፣ በብዙ ቤትም ከአጠገቧ ብረት እንዳይለይ ይደረጋል፤ አክስቴም እንደ ልማዱ ትንሽ ቢላ ከትራሷ ሥር አኑራላት ነበር። ልጅቱ ግን ቢላው እንዲወጣላት ለመነች። አክስቴ «አራስ ያለ ብረት አትተኛም» ብላ እንቢ አለች፤ ልጅቱ አለቀሰች። ገንፎው ሊሠራ ሰው ሲሰበሰብ፣ ጠያቂ ሲገባና ሲወጣ፣ እርሷ ሕፃኑን ለሰው እየሰጠች ወደ ግድግዳ ዞራ ትተኛ ጀመር። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የበረንዳውን በር ባሏ በቁልፍ እንዲዘጋና ቁልፉንም ይዞ እንዲወጣ ታደርገው ነበር። አንዳንዱ ጠያቂ «ልጁን አልወደደችውም እንዴ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ፤ ሌላው ነገሩን ከመንፈስ ጋር አያያዘው።

ለእኔ የነገረችኝ ሌሊት ነው፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ቢላውን ባየች ቁጥር ሕፃኑን ስትወጋው የሚያሳይ ምስል ይመጣባታል፤ በረንዳ ላይ ስትቆም ስትጥለው ይታያታል። ምስሉ ሲመጣ ትደነግጣለች፣ ታማትባለች፣ መዝሙር ከፍ አድርጋ ትከፍታለች፣ «አላስብም፣ አላስብም» ትላለች፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ባሏ ከሥራ ሲገባ ደጋግማ «ዛሬ ምንም አላደረግኩትም አይደል?» ትለዋለች፤ ለምን እንደምትጠይቀው ግን አይገባውም ነበር። ከሁሉ የከፋው ለራሷ የሰጠችው ፍርድ ነው፦ «እንዲህ የምታስብ እናት አውሬ እንጂ እናት አይደለችም» አለችኝ። እንግዲህ እንቅልፍ ያጣች፣ ሰውነቷ ያልጠና፣ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ የመጀመሪያው የአእምሮ ሥራ የሚዝልባት ሴት ናት፤ ከነጭ ድብ እጅግ የሚያስፈራ ሐሳብ ይዛ ሌት ተቀን ትታገላለች። ምን ሊሆን እንደሚችል ዌግነር በ1994 ጽፎት ነበር።

በካናዳ ኒኮል ፌርብራዘርና ሺላ ውዲ በ2008 ባሳተሙት ጥናት 91 አዲስ እናቶችን ጠይቀው ነበር። ሁሉም እናቶች ሕፃኑ በድንገት አደጋ ሲደርስበት የሚያሳይ ያልተፈለገ ሐሳብ እንደመጣባቸው ተናገሩ። ግማሽ ያህሎቹ ደግሞ ሆን ብለው ሕፃኑን ሲጎዱ የሚያሳይ ሐሳብ መጥቶባቸው ነበር። ግማሽ ያህሎቹ! ያኔ ያንን ሌሊት ይህን ብነግራት ምን ያህል በቀለላት ብዬ አስባለሁ፤ ኋላ ሐኪሟ ስትነግራት ሳታምን ቀርታ ሁለት ጊዜ አስደግማታለች። ፌርብራዘር ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በ2022 ባሳተመችው ተከታይ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣባቸው እናቶች ልጃቸውን የመጉዳት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ አልተገኘም።

ታዲያ ለአንዷ እናት ሐሳቡ መጥቶ ሲያልፍ፣ ለሌላዋ ሕመም የሚሆነው ለምንድን ነው? ብሪታንያዊው ፖል ሳልኮቭስኪስ በ1985 የሰጠው መልስ እስካሁን የሕክምናው መሠረት ሆኖ ይገኛል። ሐሳቡ ለሁሉም ይመጣል፤ ልዩነቱ ሰውየው ለሐሳቡ በሚሰጠው ትርጉም ላይ ነው። አንዷ እናት «ደክሞኛል፣ ምን የማይረባ ነገር ታየኝ» ብላ ዳይፐር ወደ መቀየሯ ትመለሳለች። ሌላዋ «ይህ የታየኝ ላደርገው ስለምችል ነው፤ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» ትላለች፤ መጠበቅ፣ መሸሽ፣ መጠየቅ፣ ማባረር ትጀምራለች። ራክማንና ባልደረቦቹ በ1996 እንዳመለከቱት፣ በዚህ ሕመም (ባለሙያዎች ኦሲዲ በሚሉት፣ ያልተፈለገ ሐሳብ እየተመላለሰ በሚያስጨንቅበት ሕመም) በሚሠቃዩ ሰዎች ዘንድ ማሰብና ማድረግ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ፤ አንድን ክፉ ነገር ማሰብ ነገሩን ከመፈጸም እኩል ኃጢአት እንደሆነ፣ ወይም ማሰቡ ብቻ ነገሩ እንዲደርስ እንደሚያደርግ ያምናሉ። ስለዚህ ክፉኛ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ጠንቃቃው፣ አደራ የሚከብደው፣ ኅሊናው የሚፈርድበት ሰው ነው። የሃይማኖት ሰው ስድብ የሚታየው፣ እናት ቢላ የምታየው ይህን ነገር ከሁሉ አብልጠው ስለሚጠሉት ነው፤ በጠሉት መጠንም አጥብቀው ይጠብቁታል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው፣ እኛ ክፉ ሐሳብን በጸሎት እንዋጋለን» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔም ከጸሎት ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ነገር ግን የራሳችን የእምነት አባቶች ስለዚህ ጉዳይ የተናገሩት ከዚህ ጥናት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ማየት ይጠቅማል። ከጥንት የግብፅ በረሃ አባቶች ስለ አንዱ እንደሚተረከው፣ አንድ መነኩሴ መጥቶ ክፉ ሐሳቦች እየበዙ እንዳስጨነቁት ነገራቸው። አረጋዊው ወደ ውጭ አወጡትና ልብሱን ዘርግቶ ነፋሱን እንዲይዝ አዘዙት። «አልችልም» አላቸው። እርሳቸውም ነፋስን መያዝ እንዳልቻለ ሁሉ ሐሳብ እንዳይመጣ ማድረግም እንደማይችል፣ የእርሱ ድርሻ ሐሳቡን እሺ አለማለት እንደሆነ ነገሩት። በእስልምናም ወስዋስ (በልብ የሚመላለስ ክፉ ጉትጎታ) የሚሉት ጉዳይ ጥንታዊ ነው፤ ሶሒሕ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ ስብስብ እንደተዘገበው፣ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዳንዶቹ በውስጣቸው አፍ አውጥቶ መናገር እጅግ የሚከብድ ነገር እንደሚያገኙ ሲነግሯቸው፣ ነቢዩ ያ መክበዱ ራሱ የጠራ እምነት እንደሆነ መለሱላቸው። ሐሳቡ የመጣበት ሰው በሐሳቡ መደንገጡ የልቡን ንጽሕና እንደሚያሳይ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ምንም ነገር የለም። ንስሐ አባት ወይም ሼኽ የሚያማክር ሰው ይህንን የሚያውቅ ሰው ከገጠመው በእውነት ታድሏል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣውን ተቃራኒ ማስረጃ መደበቅ አልፈልግም። የነጭ ድቡ ሙከራ ከተደጋገመ በኋላ በ2001 ጥናቶቹን አንድ ላይ የመዘኑት ተመራማሪዎች የሐሳቡ መመለስ እውነት ቢሆንም መጠኑ ከአነስተኛ እስከ መካከለኛ መሆኑን አግኝተዋል። በዚያው ዓመት ማይክል አንደርሰንና ኮሊን ግሪን የተለየ ሙከራ አሳተሙ፤ ሰዎች ሁለት ሁለት ቃላትን አጣምረው ካጠኑ በኋላ አንዱን ቃል እያዩ ሌላው ወደ አእምሯቸው እንዳይመጣ ሲያደርጉ፣ ደጋግመው ያገዱት ቃል ቆይቶ ለማስታወስ አስቸግሯቸዋል። አንደርሰን በኬምብሪጅ ከዙልካይዳ ማማት ጋር በ2023 ባሳተመው ሥራ ደግሞ ከ16 አገሮች የተውጣጡ 120 ሰዎች ለሦስት ቀናት ልምምድ አድርገው፣ ስለ ወደፊቱ ያላቸውን ፍርሃት የሚያስታውስ ቃል እያዩ የፍርሃቱን ምስል እንዲያቆሙ ተደረገ፤ ፍርሃታቸው ደብዝዟል፣ ከጭንቀትም ቀለል ብሏቸዋል።

እነዚህን ሁለት ማስረጃዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ እኔ የሚታየኝ ሁለቱ ሙከራዎች አንድን ሥራ እንዳልፈተኑ ነው። በአንደርሰን ሙከራ ሰውየው የሚያስፈራውን ማስታወሻ ፊት ለፊት ያያል፣ ከእርሱ አይሸሽም፣ ከዚያም ምስሉ እንዳይቀጥል ለጥቂት ሰከንዶች ይገታዋል፤ ሐሳቡ ስለ ማንነቱ ምን ይናገራል ብሎም አይመረምርም። ቢላ ደብቃ፣ በረንዳ ቆልፋ፣ ሐሳቡ መጣ አልመጣ እያለች ራሷን የምትፈትሽ እናት የምታደርገው ሌላ ነው። እርሷ ማስታወሻውን ትሸሻለች፣ ሐሳቡን ግን ስትመረምረው ትውላለች። በእኔ ግምት የሚጎዳው ይህ ሽሽትና ምርመራ ነው፤ ለአጭር ጊዜ «አሁን አልከተለውም» ማለት ግን ከዚያ ጋር ሊደመር አይገባውም። ይህ የእኔ ግምት መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ጥያቄው በተመራማሪዎች መካከል ገና አልተዘጋም።

ሕክምናው በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ቪክቶር ሜየር በለንደን በ1966 ስለ ሁለት ታካሚዎች ባሳተመው ጽሑፍ የጀመረው አሠራር ዛሬ የተመሰከረለት ሆኗል፤ ታካሚው የሚያስፈራውን ነገር በደረጃ እንዲቀርበው ይደረጋል፣ ፍርሃቱን ለማስታገስ ያደርገው የነበረውን ድርጊት ግን እንዲተው ይደረጋል። የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ በአዲስ አበባ አንዲት የሥነ አእምሮ ባለሙያ ዘንድ ሄደች። መጀመሪያ ያደረጉት ስለ ሐሳቦቹ ያለ ፍርድ መነጋገር ነበር፤ ከዚያ የበረንዳው ቁልፍ በሩ ላይ እንዲቀር ተደረገ፤ ቀጥሎ ቢላዎቹ ከላይኛው ቁም ሳጥን ወርደው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ልሰናበታት ሄጄ ሕፃኑ በፍራሽ ላይ ተጋድሞ፣ እርሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ለወጥ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መዝሙር አልተከፈተም፣ አላማተበችም፣ «ምስሉ አሁን አለ» አለችኝና መክተፏን ቀጠለች። ፍርሃቷን በራሷ ድምፅ ስልኳ ላይ ቀድታ በየቀኑ እንድታዳምጠውም ታዝዛ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት እያለቀሰች፣ ኋላ ኋላ ግን ልብስ እያጠፈች ታዳምጠው ነበር። ለአንዳንዶች መድኃኒትም ይታዘዛል፤ ያ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ሕመም ደረጃ ላልደረሰ ተራ ጭንቀት ቀለል ያለ መንገድ አለ። ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ በ1983 እንዳቀረቡት፣ ሰው በቀን ግማሽ ሰዓት በአንድ የተወሰነ ቦታና ሰዓት ለመጨነቅ ይመድባል፤ በሌላው ሰዓት ጭንቀቱ ሲመጣ ለዚያ ሰዓት ያቆየዋል። ከላይ ካልኩት ጋር የሚስማማ ነው፤ ሐሳቡ ቀጠሮ ስለ ተሰጠው እንደ ተከለከለ አይቆጠርም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ መጻፍ ይኖርብኛል። ከላይ የተናገርኩት ሐሳቡ ስለሚያስፈራት፣ ስለሚያሳፍራትና ልታስወግደው ስለምትፈልግ እናት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ የሚባል ሌላ ሕመም አለ፤ ከ1,000 ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቷ ላይ የሚደርስ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጀምራል። በዚህ ሕመም የተያዘች እናት ሌላው የማይሰማው ድምፅ ልትሰማ፣ ልጁ የራሷ እንዳልሆነ ወይም ክፉ መንፈስ እንዳለበት ልታምን፣ ሳትተኛ ውላ ልታድርና ንግግሯ ሊዘበራረቅ ይችላል፤ ሐሳቡም ትክክል መስሎ ይታያታል። ይህ ሲታይ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይኬዳል፣ እናትና ሕፃንም ብቻቸውን አይተዉም።

ለቤተሰብ የምለው ቀርቶኛል። ባሏ «ዛሬ ምንም አላደረግኩትም አይደል?» በተባለ ቁጥር «ኧረ ምንም አላደረግሽም፣ አንቺ እኮ ጥሩ እናት ነሽ» ይል ነበር። ደግነት ነው፤ ነገር ግን መልሱ የሚያረካት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ትጠይቃለች፣ እርሱም ይመልሳል። ባለሙያዋ ሁለቱን አስቀምጣ ይህ ጥያቄና መልስ ራሱ የሕመሙ ክፍል እንደሆነ፣ በአንድ ጊዜ ባይቆም እንኳ እየቀነሰ መሄድ እንዳለበት አስረዳቻቸው። ከዚያ በኋላ ስትጠይቀው «ይህ ያው ጥያቄ ነው፤ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አልመልስልሽም፤ ነይ እንብላ» እንዲል ተስማሙ፤ የተስማሙትም እርሷ ደኅና ባለችበት ሰዓት፣ በራሷ ፈቃድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቆጣችው፣ «ጨካኝ» አለችው። እርሱ በኋላ እንደነገረኝ ከሕክምናው ሁሉ ለእርሱ የከበደው ይህ ነበር፤ የሚወዳትን ሴት በአንድ ቃል ማረጋጋት እየቻለ ያንን ቃል መከልከል።